ኦቨርክሎክ ላድርግ ወይስ ማዘርቦርዱን ልቀይር? ለጅማው ቪዲዮ ኤዲተር

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለኝ። የሰርግ ቪዲዮ የምሠራበት ኮምፒውተር ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ የድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ሰርግ ኤክስፖርት ሳደርግ (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ የመጨረሻ ቪዲዮ ሳወጣ) 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንዳንዴ መሃል ላይ መብራት ይሄድና እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። ጓደኛዬ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርገው፣ ካልሆነ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ብቻ ገዝተህ ሌላውን እዚያው ተጠቀም ይለኛል። የትኛው ይሻላል? የመቃጠል አደጋስ አለው?»

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ዋናውን መጀመሪያ ልንገርህ። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። አንተ ጋ ያለው ማሽን ኦቨርክሎክ አይደረግም፤ ብትሞክርም እሺ አይልህም። ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር የሚለውም ዴል ላይ ከሚመስለው በላይ ጣጣ አለው። ይልቅ ይሄ ኮምፒውተር ፋብሪካው የሰጠውን ፍጥነት ራሱ አሁን እየሰጠህ አይመስለኝም። መጀመሪያ እሱን እናስመልስ።

ጓደኛህ ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ባዮስ (የማዘርቦርዱን የውስጥ ቅንብር) ይከፍታል፣ ሁለት ቁጥር ይቀይራል፣ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል። ሰውየው የሚነካካው ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ግን ለዚሁ ተብለው የተሸጡ ናቸው። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንዱ ቤዝ ክሎክ የሚባለው 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሌላው ማባዣው ነው። ያንተ 4590 ማባዣው 33 ስለሆነ መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ሙቀቱ ከፈቀደ ራሱ ለጊዜው በሚፈጥንበት በቱርቦ እስከ 3.7 ይወጣል፤ አራቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) አብረው ሲሠሩ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል።

በዚያ ዘመን ኢንቴል ማባዣውን ክፍት የሚተወው በአብዛኛው ስማቸው በኬ ለሚያልቅ፣ እንደ 4690ኬና 4790ኬ ላሉት ነበር። እነሱም ዜድ87 ወይም ዜድ97 ቺፕሴት (ማዘርቦርዱን የሚያስተባብር ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ያንተ ዴል ላይ ያለው ኪው87 ለቢሮ ሥራ የታሰበ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው 4790ኬ አምጥቶ ቢሸጥልህ እንኳ ለኬዋ ፊደል የከፈልከው ትርፍ ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። «እሺ፣ ማባዣው ቢቆለፍ ቤዝ ክሎኩን ከፍ ላድርገው» የሚልም አይጠፋም። በዚህ ትውልድ ቤዝ ክሎኩ ከፒሲአይ ኤክስፕረስና ሌሎች ክፍሎች ከሚገናኙባቸው መስመሮች ጋር የታሰረ ነው። ጥቂት በመቶ ከፍ ሲል ማሽኑ ይንገዳገዳል፣ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። የሰው ሰርግ ተሸክሞ እንዲህ ያለ ቁማር ውስጥ አይገባም።

ደግሞ ቢሆንልህስ ምን ያህል ታተርፍ ነበር? 4690ኬ ከነዜድ97 ማዘርቦርዱ አለህ እንበል። ቱርቦው 3.9 ነው። በጥሩ ማቀዝቀዣ 4.4 አደረስከው። ጭማሪው 13 በመቶ አካባቢ ነው። የ5 ሰዓት ኤክስፖርትህ በጣም ቢሳካ ወደ 4 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ ነገር አተረፍክ። አራተኛው ሰዓት ላይ መብራት ከሄደ ግን የብዙ ሰርጎች ትርፍ በአንድ ምሽት ጠፋ። ስለዚህ ያንተን ጊዜ ከሜጋኸርዝ ማነስ ይልቅ የሚበላው መብራቱ ነው።

ስለ መቃጠል ለጠየቅከው፦ ሙቀት ብቻውን ፕሮሰሰርን ድንገት የሚያቃጥልበት ዘመን አልፏል። ያንተ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይሄም ካልበቃው ማሽኑን ያጠፋል። ቀስ እያለ የሚጎዳው ቮልቴጅ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ይጨምራል። ፍጥነቱን 10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.35 ብታወጣው የኃይል ፍጆታው 39 በመቶ ያህል ያድጋል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 39 በመቶ ሙቀት ማለት ነው። ያን ሁሉ ኃይል የሚያቀብለው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ቪአርኤም ነው። ርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ ያለ ምንም የሙቀት ማስወገጃ ብረት ራቁቱን ስለሚቀመጥ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው።

ይሄ ነገር ትልቁን ኩባንያም ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተጠየቀ ቺፖቹን እያዳከመ መሆኑን አምኖ፣ ማስተካከያውን በባዮስ ማሻሻያ በኩል አወጣ። ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካካ ነው እንግዲህ። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ አይ7 ወይም አይ9 በርካሽ አገኘሁ የሚልህ ሰው ካለ ባዮሱ መቼ እንደታደሰ ጠይቀው።

አሁን ወደ ራስህ ማሽን። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫን። ሴንሰር የሚለውን ክፈትና ኤክስፖርት አስጀምር። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሦስት ነገር ተመልከት፦ የኮሮቹ ሙቀት፣ የኮሮቹ ፍጥነት፣ እና ቴርማል ትሮትሊንግ የሚለው መስመር። እዚያ ላይ «የስ» ካለ ፕሮሰሰርህ በሙቀት ምክንያት ራሱን እያዘገየ ነው። ያገለገለ የቢሮ ማሽን ላይ ይሄን ማየት የተለመደ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ቴርማል ፔስቱን (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማንም አልነካውም፤ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል።

ጅማ ላይ ይሄ ነገር ትንሽ ይብሳል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የተሠራ የማቀዝቀዣ ሙከራ ላይ የምታየው ዲግሪ እኛ ጋ ጥቂት ከፍ ይላል። በበጋ ቀይ አቧራው ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ብረት) ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ያንን አቧራ ያጣብቀዋል። በብሩሽ እንኳ ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ አንድ የእረፍት ቀን መድብ። ማሽኑን ከሶኬት ንቀል፣ ክፈት፣ ሂትሲንኩን አውጣ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ አጽዳ፤ ፋኑን በጣትህ ያዘው እንጂ በንፋሱ አታሽከርክረው። የድሮውን ፔስት በአልኮልና በጨርቅ ጥረግ። አዲሱን የምስር ፍሬ በምታክል መጠን መሃሉ ላይ አድርገህ ሂትሲንኩን መልሰህ እሰር። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅህ አጥብቅ። እግረ መንገድህን ራሞቹን አውጣና የብረት ጥርሳቸውን በላጲስ በቀስታ አሸት። በእርጥበት ምክንያት የሚመጣ «ማሽኑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው» የሚባለው ችግር በአብዛኛው እዚያ ነው።

ራም ላይ ከመጣን አይቀር፣ 8 ጊጋ ለአንተ ሥራ ጠባብ ነው። ሲሞላ ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ያኔ ነው ማውዙ ራሱ የሚጎተተው። 9020 ታወር አራት የራም ቦታ አለው፣ እስከ 32 ጊጋ ዲዲአር3 ይቀበላል። ወደ 16 አድርሰው። ሁለት እኩል ራሞች በዱዋል ቻናል (ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን) እንዲሠሩ አድርገህ ሰካቸው፤ ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ፕሮግራም ሜሞሪ ገጹ ላይ ዱዋል መሆኑን ያሳይሃል። ከዚያ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ግዛና ዊንዶውሱንና የምትሠራበትን ፕሮጀክት እዚያ ላይ አድርግ። እውነቱን ለመናገር ኤስኤስዲ የኤክስፖርት ሰዓትህን ብዙ አይቀንሰውም። ቪዲዮ ስትከፍት፣ ስትቆርጥ፣ ወዲያና ወዲህ ስትል ግን ሌላ ማሽን የያዝክ ይመስልሃል። ቀኑን ሙሉ የምትኖረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ፤ የምትቀርጸው በምንድን ነው? አዳዲስ ካሜራዎችና ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤች.265 በሚባል የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ይቀርጻሉ። ያንተው 4ኛው ትውልድ ኢንቴል የቀደመውን ኤች.264 በሃርድዌር፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ ክፍል ይፈታል፤ ኤች.265ን ግን አያውቀውም። ሁሉንም በኮሮቹ ጉልበት ሊፈታ ይሞክርና ይደክማል። ባለ 8 ቢቱን ከ6ኛው ትውልድ፣ ባለ 10 ቢቱን ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው ኢንቴል በሃርድዌር የሚፈታው። ካሜራህ ምርጫ ካለው ኤች.264 ላይ አድርገው። ከሌለው ፕሮክሲ ሥራ፤ ማለትም ቀለል ያለ ቅጂ ፈጥረህ በእሱ ቁረጥ፣ ኤክስፖርቱን ከዋናው አድርግ። ይሄ ምንም ብር አያስወጣም፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ማሽን ከመቀየር ያድነዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ እየሠራ ሙቀቱም ደህና ከሆነ፣ እዚያው ማዘርቦርድህ ላይ ባለው የፕሮሰሰር መቀመጫ (ሶኬት) የሚገባ ኮር አይ7-4790 አለ። እሱም አራት ኮር ነው፣ ግን ስምንት ትሬድ አለው፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይይዛል ማለት ነው። ከ3.6 እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ ይሠራል። የሙቀት መጠኑ እንደ 4590 ሁሉ 84 ዋት ስለሆነ ያለህ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ሁለቱ የአንድ ጊዜ ምርት ስለሆኑ ባዮሱም ያውቀዋል። ኤክስፖርት ላይ ሩብ ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ታገኛለህ። ከላይ ካሰብነው ኦቨርክሎክ የበለጠ ነው፤ ያውም ያለ አንዲት ጠብታ ትርፍ ቮልቴጅ። ያገለገለውን በርካሽ ካገኘኸው ግዛ። ዋጋው ከፍ ካለ ግን ተወው፤ ምክንያቱም ይሄ ትውልድ ዕድሜው እያለቀ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ሁለተኛ ሐሳብ። «ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ብቻ» ሲባል ቀላል ይመስላል። 9020 ላይ ግን ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ዋናው ገመድ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ ያለ ማዘርቦርድ ሁሉ የሚፈልገው ባለ 24 ፒን ነው። የፊት ማብሪያው ገመድም የዴል የራሱ ነው። ራምህ ዲዲአር3 ስለሆነ አዲሱ ላይ አይገባም። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም፣ ኬዙንም (ሳጥኑን) ጭምር ልትገዛ ነው። ከድሮው የሚተርፍህ ዲስኩ ብቻ ነው። ማቀያየሪያ ገመድ አለ የሚሉህ ይኖራሉ፤ አለም። ግን 290 ዋት ባለው ዕድሜ ጠገብ ፓወር ሰፕላይ ላይ አዲስ ማሽን ማንጠልጠል አልመክርህም። ዴሉን እንዳለ አቆየው። ፎቶ ለማረም፣ ዲስክ ለማባዛት፣ ልጆቹ ሲለማመዱበት ገና ብዙ ያገለግልሃል። አለበለዚያ ሙሉውን ሽጠህ ለአዲሱ መነሻ አድርገው።

አዲስ ስትሠራ ለቪዲዮ ሥራ የምመርጥልህ ኮር አይ5-12400 ነው። ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድ አለው። ከ4590 ጋር ሲነጻጸር ሁሉንም ኮር በሚጠቀም ሥራ ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ከሁሉ በላይ ውስጡ ያለው ግራፊክስ ኤች.265ን በሃርድዌር ይፈታል፣ በሃርድዌርም ያመርታል። እዚህ ላይ ዓይንህን ክፈት፤ 12400ኤፍ የሚባል ወንድም አለው። ርካሽ ነው፣ ግን ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ካርድ ካልገዛህ ስክሪንህ ላይ ምንም አይታይም። ለ12400 ኤች610 ወይም ቢ660 ማዘርቦርድ ይበቃል። በአንድ ስም ዲዲአር4ና ዲዲአር5 የሚቀበሉ የተለያዩ ማዘርቦርዶች ስላሉ ከራምህ ጋር አስተያይ። ይሄም ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አይደረግም። ግድ የለህም፣ አይጎድልህም።

እጄን ይበላኛል፣ ግድ መነካካት አለብኝ ካልክ መንገዱ ኤኤምዲ ነው። የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ማባዣቸው ክፍት ነው፤ ቢ450 ወይም ቢ550 ማዘርቦርድ ይፈቅድልሃል፣ ኤ320ና ኤ520 ግን አይፈቅዱም። ራይዘን 5 5600ን ብትይዝ ቮልቴጅ ጨምረህ በእጅህ ፍጥነት አትስጠው። ባዮስ ውስጥ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚለውን ፈልግና ሁሉንም ኮር በ10 ወደ ኔጌቲቭ አውርድ። ይሄ ቮልቴጁን ይቀንሰዋል። ፕሮሰሰሩ ሲቀዘቅዝ ራሱ ቱርቦው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በሲኔቤንችና በፕራይም95 መፈተኛ ፕሮግራሞች ፈትነው፤ ማሽኑ ደርቆ ካልቀረ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሂድ። ከዚያ ራሙን ኤክስኤምፒ (በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) አብራለት። ብዙ ሰው 3200 ራም ገዝቶ ባዮስ ውስጥ ሳያበራው ለዓመታት በ2400 ይጠቀማል። ከከሸፈብህና ማሽኑ አልነሳ ካለ አትደንግጥ። ከሶኬት ነቅለህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የሰዓት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጣት፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ለሰርግ ሥራ ግን አሁንም የምመርጥልህ 12400 ነው፤ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውምና።

አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከመጣ በኋላ «አልገጠመም» ማለት ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ብር ከመላክህ በፊት ያገለገለ የኢንቴል ማዘርቦርድ ከሆነ የሶኬቱን ፎቶ ከቅርብ በባትሪ ብርሃን አንስተው እንዲልኩልህ ጠይቅ። ፒኖቹ እዚያ ላይ ናቸው፤ አንዷ ከታጠፈች ራም ወይም ግራፊክስ ላታገኝ ትችላለህ። የራይዘን 5600 ሶኬት በሆነው ኤኤም4 ላይ ደግሞ ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆኑ በአውቶቡስ ሲመጣ በፕላስቲክ ማቀፊያው ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ከመጣ አትቀበል። 5600ን የድሮ ቢ450 ላይ ልትጭን ከሆነ ባዮሱ ቀድሞ መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ሻጩ እዚያው አድሶ፣ አስነስቶ፣ በቪዲዮ አሳይቶህ ይላክ። ባዮስ ራስህ የምታድስ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) አትሞክረው። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ዩፒኤስ ካልኩ፣ በእኔ ግምት የመጀመሪያው ብርህ መሄድ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ያለውን ምረጥ። ሌሊቱን ሙሉ አይይዝልህም፤ ሥራውን አስቀምጠህ በሰላም እንድታጠፋው የሚበቃ ደቂቃ ግን ይሰጥሃል። አጭሩን ብልጭ ድርግምማ ጭራሽ አታየውም። ሱቅህ ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ መስመር ከሆነ የእንጀራ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ የሚደበዝዝበትን ሰዓት ታውቀዋለህ። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ኤክስፖርትህን ከዚያ ሰዓት አርቀው። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስትገዛ ጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበትን ፈልግ። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ኖሮት 115 ወይም 230 የሚል ከሆነ የቮልቴጅ መውረድን ብዙ አይችልም።

ኤክስፖርቱንም አንድ ላይ አታድርገው። ሰርጉን በክፍል ከፋፍለው፤ የሙሽሪት ቤት፣ ሚዜዎቹ፣ አዳራሹ፣ መልሱ። እያንዳንዱን ለየብቻ አውጣና መጨረሻ ላይ በአንድ ዓይነት ቅንብር አገናኛቸው። መብራት ቢሄድ የሚጠፋብህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ጽዳቱንና ፔስቱን ጨርሰህ የኤችደብሊው ኢንፎ ገጹን በፎቶ ላክልኝ። ከጽዳቱ በፊት ያለውንም ጨምርበት። ሁለቱን አይቼ 4790 መግዛቱ ያዋጣህ እንደሆነ፣ ወይስ ብሩን ለ12400 ብታጠራቅመው እንደሚሻል እነግርሃለሁ።